ብርብራ የገባበት ኩሬ

ከነቀምቴ ወደ አርጆ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ አንድ ኩሬ አለ። መንገድ ሠሪዎች ድንጋይና አፈር ሲያወጡበት የቀረ ጉድጓድ ነበር፤ ጅረት ገባበትና ሞላ። በኋላ ዓሣ ተጨመረበት። የአካባቢው ወጣቶች ዳስ ጣሉ፣ ድምፅ ማጉያ ሰቀሉ፣ የሚከራይ ፈረስ አመጡ። የሰሜኑ መንገድ በግጭቱ ምክንያት ለሽርሽር የማይታሰብ ከሆነ ወዲህ ለከተማው ሰው በበዓል ቀን የሚሄድበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ወደዚያ ይሄዳል።

ሥራዬ ዘገባ ነው። ግጭቱ ወዳለባቸው ጊዳ አያናና ኪራሙ ሄጄ የተቃጠለ ጎተራ ምን እንደሚሸት አውቃለሁ። ኩሬው ጋ ስሄድ ግን ካሜራዬን ቤት እተወዋለሁ። ስለዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን፣ ያላየሁትን ደግሞ ከማን እንደሰማሁት ነግሬ ነው።

የፋሲካ ማግስት ነበር። የሚስቴ ወንድም በመኪናው ሊወስደኝ መጣ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ግዙፍ፣ ተጫዋች፣ ከውሃ በቀር የሚፈራው ነገር የሌለ ሰው። እርስ በርስ “ሶዳ” እንባባላለን፤ በኦሮምኛ አማች ማለት ነው። በዚህ አገር አማችን በስሙ መጥራት ነውር ነው።

“ሶዳ፣ ዛሬ ዓሣ እስኪያንገፈግፍህ ነው የማበላህ” አለኝ።

“ማን አጥምዶልህ?”

“እግዚአብሔር።”

ከኋላ ወንበር ሥር የታጠፈ ማዳበሪያ ነበር። መኪናው በዘለለ ቁጥር ከውስጡ ቡናማ ዱቄት ይቦናል፤ ደጋግሜ አነጠሰኝ። የሶዳዬ ሱሪም እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነበር። ምን እንደሆነ ስጠይቀው “የከብት መድኃኒት ነው፤ ጠዋት እናታችን ጋ ነበርኩ” አለ።

ኩሬው ዳር የመኪና ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ እየነፋ ለዋናተኞች የሚያከራይ አንድ ጎልማሳ አለ። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ እሱም በሬዎቹን ጥሎ ሸሽቶ ነው እዚህ የደረሰው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ዋና በትክክል የሚችለው እሱ ነው። የሚሰምጠውን የሚያወጣውም እሱ ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ሰካራም ወይም አንድ ጉረኛ ያወጣል።

“አንቱ አያ፣ ዛሬስ አይገቡም?” አለው ሶዳዬን፤ ሁልጊዜ እንደሚያሾፍበት። “ውሃው አይናከስም እኮ።”

“አንተ ከመነዳሪህ ይሸከመኛል?”

“የጭነት መኪና የተሸከመ ነው፤ አንቱን ያቅተዋል?”

ዙሪያችን የነበሩት ሳቁ። ሶዳዬ “ሌላ ቀን” ብሎ ወደ ዳሱ ሸሸ።

ምሳ ሳይቀርብ ዓሣዎቹ መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ትናንሾቹ፣ ከዚያ መዳፍ የሚያህሉት ቆሮሶዎች፣ በመጨረሻም ከጭቃው ሥር አምባዛዎቹ። አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው ያዛጋሉ፤ ይሽከረከሩና ነጭ ሆዳቸውን ይገለብጣሉ። አንዲት እናት ልጇ ከዚያ ውሃ መጠጣቱን አስታውሳ ጮኸች። ከፈረሶቹ በኩል አንድ ሰው “ሱሚ! ሱሚ!” አለ። መርዝ ማለቱ ነው። ሙዚቃው ቆመ።

ከማለዳ ጀምሮ ውሃው ውስጥ የነበረው ማን ነው? ባለ ከመነዳሪው። ዕቃው ሲበረበር ከጨርቁ ውስጥ አንዲት ቆርቆሮ ተገኘች፤ የተበሳ ጎማ የሚለጥፍበት ማስቲሽ ናት። የከፈታት ወጣት አሽትቶ ፊቱን አዞረ።

“ይኸው መርዙ!”

“ሰውዬው ከየት ነው?”

“ከኪራሙ ነው።”

ከዚህ በኋላ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም።

መጀመሪያ የመታው ፈረስ አከራዩ ነው፤ በአለንጋ፣ ፊቱ ላይ። ሰውዬው “ማስቲሽ ነው ወንድሞቼ! ማስቲሽ ነው!” እያለ እጁን ከለላ አደረገ። በእጁ ላይ የዳስ ቋሚ አረፈበት፤ ክንዱ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ሲታጠፍ አየሁ። ሲወድቅ አፉን በጫማ መቱት። አንዱ ከመነዳሪዎቹን በቢላ ይሸረክታል፤ ጩኸቱ መሀል የአየሩ ፉጨት ይሰማል። ድንጋይ የያዘች ሴትም ነበረች፤ ሕፃን አዝላለች።

ገፍቼ ገባሁ። “ማስቲሽ ነው፤ አሽትቱት!” አልኩ በኦሮምኛ። አንድ ክርን አፍንጫዬን አገኘውና መነጽሬ እግር ሥር ገባ። ሁለተኛ ስሞክር ከኋላ በኮሌታዬ ጎተቱኝ።

ከዚያ ሰውዬውን ወደ ውሃው ጎተቱት። ሞልተው ከተንሳፈፉት ዓሣዎች መሀል ጭንቅላቱን ነከሩት።

“ጠጣው! ያደረግኸውን ጠጣው!”

አወጡትና እንዲሞት ጠበቁ። ሳለ፤ ደምና ውሃ ተፋ፤ አልሞተም። “አልበቃውም” አለ አንዱ፤ እንደገና ነከሩት።

ዞር ስል ሶዳዬ ከዳሱ ቋሚዎች አንዱን ተደግፎ ቆሟል። ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

“ሶዳ፣ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ምንድነው?”

“ብርብራ።”

የብርብራ ፍሬ ደርቆ ሲወቀጥ ዓሣ ያሰክራል፤ ሰውን አይነካም። በወለጋ ወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ኩሬው ውስጥ ግን ወጣቶቹ ራሳቸው ከልክለውታል።

“ጅረቱ ላይ ነው የበተንኩት” አለ። “ጥቂት ዓሣ ብቻ... ለእናንተ ብዬ...”

“ንገራቸው።”

“ይገድሉኛል።”

“እሱን እየገደሉት ነው።”

ሄደ። ያ ግዙፍ ሰውነቱ ሕዝቡን ሰንጥቆ ውሃው ጫፍ ደረሰ። “አናቱ ጎዼ!” ብሎ ጮኸ፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ እያለ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም።

አላመኑትም። አብዛኞቹ ያስተማራቸው ናቸው።

“ባርሲሳ፣ አንተ አርፈህ ቁጭ በል” አለው የሰውዬውን ጭንቅላት የያዘው ወጣት፤ መምህር ሲል ነው። “የኛ ሰው የኛን ውሃ አይመርዝም። ለዚህ ሰውዬ ብለህ አትዋሽ።”

ሶዳዬ ወደ መኪናው ሮጠ። ማዳበሪያውን አምጥቶ በቁማቸው ራሳቸው ላይ አራገፈባቸው። ዱቄቱ ቦነነ፤ ማነጠስ ጀመሩ። በዕድሜ ገፋ ያሉት ሽታውን ለዩት። “ብርብራ ነው” አሉ። “ብርብራ እኮ ነው!”

ያኔ ሳቅ ተነሣ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። “ወይ ባርሲሳ! ዓሣ አምሮህ ነው?” እያሉ ጀርባውን መቱት። ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ዓሣውን መልቀም ጀመሩ፤ በፌስታል፣ በባርኔጣ፣ በነጠላ። የሰውዬውን ጭንቅላት ይዞ የነበረው ወጣት ከዚያው ውሃ፣ በዚያው እጁ ትልቁን አምባዛ አወጣ። ሰውዬው ፊቱን ጭቃ ውስጥ ደፍቶ ተጋድሟል።

እኔና ሶዳዬ መኪናው ውስጥ አስገባነው። የተሰነጠቀ መነጽሬን ከጭቃው አንሥቼ እስከ ነቀምቴ ሆስፒታል ድረስ መሪውን እኔ ያዝኩ፤ ሶዳዬ ከኋላ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። ሰውዬው የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ከመነዳሪዎቹን ሰበሰባችኋቸው?”

ፖሊስ ጠየቀን፤ ሶዳዬ የሠራውን፣ እኔ ያየሁትን ተናገርን። ከደበደቡት መሀል ግን ፊቱን ያወቅሁት ፈረስ አከራዩን ብቻ ነው፤ መነጽሬ ከወደቀ በኋላ ያለው ደብዛዛ ነበር። ሶዳዬ ሌሎቹን ሲጠየቅ “ግርግር ነበር” አለ። ፈረስ አከራዩ ተይዞ በዋስ ወጣ። ሌላው ሁሉ ከኋላ ነበርኩ አለ።

የሰውዬው ክንድ ተጣሞ ዳነ። የሶዳዬ ቤተሰብ እንደ አገሩ ደንብ እርጥብ ሣር የያዙ የዕርቅ ሽማግሌዎች ላከ። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው።

“ካሣ አልፈልግም” አላቸው። “መምህሩ አንድ ቀን መጥተው ከመነዳሪ ላይ ይቀመጡልኝ።”

ሽማግሌዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሶዳዬ አልሳቀም።

በአንድ የእሑድ ከሰዓት ሄድን። ኩሬው እንደ ወትሮው ነው፦ ሙዚቃው፣ ፈረሶቹ፣ እነዚያው ወጣቶች። ሶዳዬ ጫማውን አውልቆ ሲገባ ዳር የቆሙት ያፏጩበታል። ሰውዬው ከመነዳሪው ላይ አስቀመጠው፤ በደህናው እጁ እየገፋ ወደ መሀል ወሰደው። መሀል ላይ ፊቱን ወደ እኛ አዞረው። እዚያ የተባባሉትን ሶዳዬ በኋላ ነግሮኛል።

“ያን ቀን ዓይኔ ደም ሞልቶት ነበር” አለው ሰውዬው። “ማን እንደመታኝ አላየሁም። አንቱ ግን ቆመው አይተዋል። ያስተማሯቸው ልጆች ናቸው፤ ለይተው ያውቋቸዋል።”

“ለፖሊስ ነው?”

“ፖሊስማ ሲጠይቅዎት ግርግር ነበር ብለዋል። ለኔ ነው። እነዚህ ሲሰምጡ የማወጣቸው እኔ ነኝ፤ የማንን እጅ እንደምይዝ ልወቅ።”

ሰውዬው ከመነዳሪውን ለቀቀው። ነፋሱ ቀስ እያለ አዞረው፤ ሶዳዬ ጎማውን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ።

“በደንብ ይያዙ አያ” አለው ሰውዬው፣ አጠገቡ እየዋኘ። “አንቸኩልም።”

ከዳር ሆኜ ያየሁት ይህ ነው። የሶዳዬ አንድ እጅ ከጎማው ተላቀቀ። ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ ፈረሶቹ አመለከተ፤ ቀጥሎ ድምፅ ማጉያው ሥር ወደቆሙት፤ ቀጥሎ ሕፃን ወዳዘለችው ሴት፤ ከዚያም እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ወደተቀመጠው፣ ሶዳዬ በኋላ እንዳለኝ የሰውዬውን ጭንቅላት ይዞ ወደነበረው ወጣት። ፉጨቱ ቆመ። እጁ ባረፈበት ሁሉ ሰው ያፈገፍጋል። ወጣቱ እግሩን ከውሃው አውጥቶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ሰውዬው ሶዳዬን እየገፋ መለሰው፤ ደግፎ አወረደው። ሶዳዬ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሰውዬው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ እንደቆመ ባዶውን ከመነዳሪ በተጣመመው ክንዱ ይዞ ደህናውን እጁን ወደ ዳር ዘረጋ።

“ተራው የማን ነው?” አለ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ።