ሽማግሌዎቹና ተሸናፊው ቡድን

ባለፈው ሳምንት፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ በምሠራበት ክሊኒክ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በምሳ ሰዓት ተኳረፉ። መነሻው ቤዝቦል ነበር። አንደኛው የከተማችን ቡድን ዘንድሮም እንዲህ እየተቀጠቀጠ እሱን መደገፍ ራስን መበደል ነው አለ። ሌላዋ ተቆጣች። ከቡድኑ ተነሥተው ወደ ሮክ ባንድ ተሻገሩና የማን ባንድ ይበልጣል በሚለው ደግሞ ባሰባቸው። በመጨረሻ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ በማይረባ ነገር ምሳሽን ረበሽንብሽ ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ኧረ በዚህ በማይረባ ነገር የእኔ ሰርግ ሊቀር ነበር አልኳት። የሳቀችው ቀልድ መስሏት ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያ ዘመን ከፊቴ አልሄድ አለኝ።

አባቴ አቶ በላቸው ከአገር የወጣው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። በሱዳን በኩል ዞሮ ዴንቨር ገባ፤ እናቴና እኔ የመጣነው ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አበባ ይዞ የቆመውን ሰውዬ አባትሽ ነው ብለውኝ ሳምኩት እንጂ የማውቀው ሰው አልነበረም። እሱም ከእኔ ጋር ምን እንደሚያወራ አያውቅም። ማታ ማታ ፓርክ ሂል ሰፈር በተከራየናት ቤት ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ግድግዳ እናያለን። ከተማችን የራሷን የቤዝቦል ቡድን ያገኘችው በዚያ ሰሞን ነበር። አባቴ ቴሌቪዥኑን እያሳየኝ ማን እንደሚወረውር፣ ማን እንደሚመታ፣ ዘጠኝ ኢኒንግ የሚሉት ዙር እንዴት እንደሚቆጠር ያስረዳኝ ጀመር። ወሬ አገኘን። ቡድኑ ብዙ ጊዜ ይሸነፍ ነበር፤ ሽንፈት ደግሞ ብዙ ያስወራል። እናቴ ቆሎ ትቆላልናለች፣ እኛ እየቆረጠምን እንበሳጫለን። አባዬ ብዬ የጠራሁት የመጀመሪያ ቀን፣ አንድ ተጫዋች ቀላል ኳስ ሲስት ተናድጄ ነው።

ሃያ አራት ዓመት ሲሞላኝ ዳዊትን ላገባ ወሰንኩ። ዳዊት በዚያ ጊዜ ኤርፖርት ዳር ካለ መኪና ማቆሚያ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ ማታ ደግሞ የኤክስሬይ ትምህርት ይማራል። እናቱ ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክላ በሦስተኛው ተሰጥቷት ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። የመጣችው የልጇን ሰርግ ለማየት ነው፤ በመስከረም መጨረሻ መመለስ አለባት፤ አንዴ ከተመለሰች ዳግመኛ መግባቷን ማንም አያረጋግጥም። ስለዚህ በሰኔ ሽማግሌ ተላከ።

ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ነበር። አባቴ መምጣታቸውን ያውቃል። ሸሚዙን ቀይሮ፣ ጺሙን ተላጭቶ ጠብቋቸዋል። ቡድናችን ሌላ ከተማ ሄዶ የሚጫወተው ጨዋታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል ብሎ ነበር፤ ዘጠኙ ኢኒንግ እኩል ለእኩል አልቆ ጭማሪ ገቡ። ቴሌቪዥኑ እንደበራ በሩ ተንኳኳ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ በረዶው ጠጠር ጠጠር እያለ የመስኮቱን መስታወት መምታት ጀምሯል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ኮታቸውን ከላይ ደርበው ሮጠው ገቡ። ትልቁ አቶ መኮንን የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፣ ረጋ ያሉ። ሁለተኛው የዳዊት አጎት ጋሽ ሰይፉ ነው፤ ብዙ ዓመት በአሜሪካ ምሥራቁ ክፍል፣ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ቡድን ያለበት ከተማ ኖሮ የመጣ ሰው። እኔ ወጉ እንደሚያዘው ጓዳ ነኝ፤ እናቴ አጠገቤ እጄን ይዛለች፤ በበሩ ክፍተት ሁሉንም እናያለን።

“ቁጭ በሉ እንጂ” አለ አባቴ።

“የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም” አሉ አቶ መኮንን።

ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ችግሩ የቆሙት ልክ ቴሌቪዥኑ ፊት ነው። አቶ መኮንን የሁለቱን ቤተሰብ መልካምነት ከሩቅ ጀምረው ሲያወሱ አባቴ አንገቱን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ያደርጋል። ከኋላቸው የሕዝቡ ጩኸት ድንገት ከፍ አለ።

“ይቅርታ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ” አለ አባቴ።

እናቴ እጄን ጨመቀችው። ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሽማግሌ ፈቀቅ በል ሲባል እሷም እኔም ሰምተን አናውቅም። ጋሽ ሰይፉ ዞር ብሎ ውጤቱን አየና ሳቀ።

“ይሄ ቡድን ነው? በላቸው፣ ሰው እንዴት ዐይኑ እያየ ሉዘር ይመርጣል? እኔ ብሆን ድሮ ነው ቲም ቼንጅ የማደርገው።”

“ቲም እንደ ሸሚዝ አይቀየርም” አለ አባቴ።

አቶ መኮንን ነገሩን ለማብረድ ሲሞክሩ ዐይናቸው መደርደሪያው ላይ አንድ የሙዚቃ ሸክላ አገኘ። አባቴ ወጣትነቱን አስመራ ያሳለፈ፣ እዚያ ከነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ሬዲዮ ሮክ እየሰማ ያደገ ሰው ነው። ዴንቨር እንደገባ ከገዛቸው የመጀመሪያ ነገሮች ውስጥ የሚወደው ባንድ ሸክላዎች ነበሩ። “እኔም አስመራ ሳገለግል እነዚህን እሰማ ነበር” አሉ አቶ መኮንን፤ የአባቴ ፊት ፈታ አለ። እኔም ተነፈስኩ።

“እነዚህማ” አለ ጋሽ ሰይፉ፣ “ሲንገሩ ጥሏቸው ሲሄድ ነው ያለቀላቸው። ከዚያ በኋላ ኮንሰርታቸው የሚገባው ማን ነው? የእኔዎቹን ብትሰማ፣ በዝናቸው ጊዜ በቃን ብለው ክዊት አደረጉ።”

“እኔ ነኝ የምገባው። ሲንገሩ ቢሄድ ጊታሪስቱ አለ፣ ድራመሩ አለ። ሌላ ቀጠሩ፤ ሠሩ።”

“ሰው የማያዋጣ ነገር ላይ አይቆይም። የእኛ ዳዊት ለምሳሌ ነርሲንግ ጀመረ፤ እንደማያዋጣው ሲያውቅ ድሮፕ አደረገና ኤክስሬይ ገባ። ስማርት ልጅ ነው።”

ማሞገሱ ነበር። አሁን ድረስ ማሞገሱ እንደነበር አልጠራጠርም። አባቴ ግን ቴሌቪዥኑን ማየት ተወ።

“አላዋጣኝም ሲል ይተዋል ማለት ነው?”

ወዲያው ቴሌቪዥኑ ውስጥ የባለሜዳዎቹ ደጋፊ በደስታ ጮኸ፤ ቡድናችን ተሸነፈ። ጋሽ ሰይፉ ነገሩን በሳቅ የሚያልፍ መስሎት፣ “ይኸው እንግዲህ። ይሄ ቡድን አራት ጌም በተከታታይ ካሸነፈ እኔ ስሜን ቼንጅ አደርጋለሁ” አለ።

“መልካም” አለ አባቴ። “አራት በተከታታይ ያሸነፉ ዕለት ተመለሱ። መልሴን ያን ቀን ትሰማላችሁ።”

አቶ መኮንን ወደ አባቴ ዞሩ። “አቶ በላቸው፣ ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ቀጠሮ?”

“ቀጠሮ ነው።”

የልጅቷ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይል ሁላችንም እናውቃለን። ልምከርበት ይላል፣ ሁለት ሳምንት ይቀጥራል፣ ደግሞ ይቀጥር ይሆናል፤ መብቱ ነው። በሽማግሌ ፊት የተቆረጠ ቀጠሮ ደግሞ ከወዲህም ከወዲያም አይፈርስም። እናቴ ያን ቀን ማታ አለቀሰች፣ ለመነች፣ በመጨረሻም አኮረፈች። አባቴ፣ በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል ነው ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። አቶ መኮንንም ቀኑ ሳይደርስ መሄድ እሱንም እኛንም ማዋረድ ነው አሉ። እንዲህ ሆኖ የእኔ ትዳር ከዓመት ዓመት ከሚሸነፍ ቡድን እጅ ወደቀ። የጨዋታው ወቅት የሚያልቀው በመስከረም ነው። እስከዚያ አራት በተከታታይ ካልመጣ ቀጠሮው ወደሚቀጥለው ሚያዝያ ይዞራል፤ የዳዊት እናት ደግሞ ሰርግ ሳታይ ትሄዳለች።

ቤዝቦል በየቀኑ ማለት ይቻላል ጨዋታ አለው። ይህ ማለት በየቀኑ ልቤ ይሰቀላል፣ በየቀኑ ይወርዳል። ዳዊት ከዚያ በፊት ስለ ቤዝቦል አንድም ነገር አያውቅም፤ አሁን ቫኑ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ተሳፋሪውን ሁሉ ያስረዱኝ ይል ጀመር።

“ሰኒ” ይለኛል ደውሎ፣ “ሁለት አሸንፈው ዛሬ ከተሸነፉ ከዜሮ ነው የሚጀመረው?”

“ከዜሮ።”

“ሮብ በአንድ ቀን ሁለት ጌም አላቸው። ሁለቱም ይቆጠራሉ? አባትሽን ጠይቂልኝ።”

“አንተ ጠይቀው።”

“እኔማ ከሱ ጋር እንዴት አወራለሁ?”

በሐምሌ አንድ ቀን ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቡሪቶ የሚሉትን የሜክሲኮ ጥቅል ገዝቶ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን፣ ኮርት ሄደን እንፈራረም አለኝ። እናቱ በስልክ ከአገር ቤት ዘመድ ጋር ስታወራ፣ ልጄን በኳስ አሰሩት ብላ ስታለቅስ ሰምቷታል። እኔ እምቢ አልኩ። እምቢ ስል ግን የአባቴ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አላዋጣውም ሲል ይተዋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ በዘገየ ቁጥር ተወኝ እላለሁ። አልተወኝም። በነሐሴ ሦስት በተከታታይ አሸንፈው አራተኛውን በመጨረሻው ኢኒንግ ሲጥሉት እንኳ፣ “ነገ ከአንድ እንጀምራለን” ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሲያለቅስ እንዳልሰማው ነው ቶሎ የዘጋው።

የሚያናድደኝ የአባቴ ነገር ነበር። በዚያ ሰሞን ደስተኛ ነው። ከሥራ ስመለስ፣ “ሰኒ፣ ጀምሯል” ብሎ ይጠራኛል፤ እኔም ዕድሌ እዚያ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ መጥቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ኮሌጅ ከገባሁ፣ ከዚያም ዳዊትን ካወቅሁ ወዲህ አብሬው ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ቆሎውን ወደ እኔ ይገፋዋል፣ የተጫዋቾቹን ጠባይ ይተርክልኛል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ሸክላ አስቀምጦ ይህቺን ስሚያት ይለኛል። ያ ነሐሴ ላይ የተሸነፉ ቀን፣ እኔ ትራስ ነክሼ ሳለቅስ፣ “አይዞሽ፣ ገና ጌም አለ” አለኝ። ድምፁ ውስጥ ሐዘን አልነበረም። ጨካኝ ነው ብዬ ሁለት ቀን ሳላናግረው ዋልኩ።

መስከረም ገባ፤ የሰፈራችን ዛፎች ቢጫ ማለት ጀመሩ። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ማንም ሳይጠብቅ አንድ አሸነፉ፤ ደገሙ፤ ሠለሱ። አራተኛው እሑድ ቀን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የጋሽ ሰይፉ መኪና ከቤታችን ማዶ ቆሟል። ሁለቱም ሽማግሌዎች ኮታቸውን እንደለበሱ ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

“ኧረ ሰዎቹ ይግቡ እንጂ፣ ነውር ነው” አለች እናቴ።

“ቀጠሮው ሳይደርስ አይገቡም” አለ አባቴ። ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ያን ቀን ቆሎ አልነካም። አልተረከልኝም። ቡድናችን ከጅምሩ በአንድ ነጥብ ይመራል፤ ሰዓቱ አይሄድም። ዘጠነኛው ኢኒንግ ደረሰ። ተጋጣሚዎቹ ሁለት ሰው ሜዳው ላይ አላቸው፤ አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ይቀረናል። ኳሷን አየር ላይ ከያዝናት መቺው ይወጣል፣ እናሸንፋለን፤ ሜዳው ዳር ካረፈች ግን ሁለቱም ይገባሉ፤ እንሸነፋለን፤ እስከ ሚያዝያ አበቃ። መቺው መታት። ኳሷ ወደ ላይ ወጣች፣ በጣም ወጣች፣ ዳር ላይ ያለው የእኛ ተጫዋች ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ ጓንቱን ዘረጋ።

አባቴ ከአጠገቤ በትንሽ ድምፅ፣ “ትውደቅ” አለ። “ትውደቅ፣ እባክህ።”

ዞሬ አየሁት። ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ጨምቆ ይዟል። ያ ስንት ዓመት ሙሉ የዚህን ቡድን ሽንፈት ተሸክሞ የኖረ ሰው፣ ኳሷ ከራሱ ቡድን ተጫዋች ጓንት እንድትወድቅ እየለመነ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ነሐሴ ላይ ለምን እንዳላዘነ፣ ለምን ሁለት ሳምንት ብሎ እንዳልቀጠረ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ገባኝ። ተጫዋቹ ኳሷን ያዛት። ሲይዛት እንኳ በዐይኔ አላየሁም፤ ያወቅሁት ከውጭ የጋሽ ሰይፉ መኪና ጥሩምባ ሲጮህ ነው።

አባቴ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ኮቱን ለበሰ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ፣ ራሱ በሩን ከፈተላቸው። ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ።

“ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን ቁጭ በሉ” አለ።

ጋሽ ሰይፉ በደስታ፣ “በላቸው፣ ቡድንህ እኮ ግሩም ነው” ሲለው፣ አባቴ “አይደለም፣ ዕድል ነው” ብሎ እኔ ወዳለሁበት ሳያይ ውኃ ሊያመጣ ሄደ። ሰርጋችን የዳዊት እናት ከመሄዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሆነ።

ለረጅም ጊዜ በዚያ ቀጠሮ አዝኜበት ነበር። አሁን የእኔ ልጅ ሌላ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ሳይ፣ አባቴ ምን ያህል ጥቂት እንደጠየቀ አስባለሁ። ዘጠኙን የልጅነት ዓመቴን አላየም። ካየኝ በኋላም ያገኘኝ በዚያ ሶፋ ላይ ነው፤ ከዚያ ሶፋ እንድነሣ ነበር ሽማግሌዎቹ የመጡት። እምቢ አላለም። እንድዘገይለት ብቻ ነው የፈለገው።

አባቴ ዛሬ ሰማንያን አልፏል፤ ከእናቴ ጋር ሴንትራል ፓርክ በሚባለው የዴንቨር ሰፈር፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ ዝቅ ብለው ይኖራሉ። ባለፈው እሑድ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና ጠየቅሁት።

“አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ መኪና ውስጥ የጠበቁ ዕለት፣ የመጨረሻዋ ኳስ ትዝ ትልሃለች?”

አባቴ በየትኛው ዓመት፣ በስንተኛው ኢኒንግ ማን የትኛዋን ኳስ እንደሳተ ዛሬም ሳይሳሳት የሚናገር ሰው ነው። ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ፣ “አይ፣ ያቺን አላስታውሳትም” አለኝ።

ውሸቱን ነው። እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ጨዋታው እስኪያልቅ ከአጠገቡ አልተነሣሁም።