የድንጋዩ ቁጥሮችና የእናቴ እንሰት

አጎቴ የድንጋዩን ምሥጢር ፈታሁ ብለው ከሆመቾ ወደ ሆሳዕና ከተማ የመጡ ዕለት፣ የምሠራበት ቢሮ ድረስ ገብተው ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ቅዳሜ እንቆፍራለን» አሉኝ። «ትንፍሽ እንዳትይ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሰማ ወርቁ የሰፊው ሕዝብ ሆነ ማለት ነው።»

ድንጋዩን ሆመቾ አካባቢ የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሚገኘው እናቴ ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ነው፤ የበር ያህል ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ፊቱ ከላይ እስከ ታች በመሮ በተቀረጹ ቁጥሮች የተሞላ። በጣሊያን ጊዜ መንገድ ያሠራ የነበረ መኮንን ሲሸሽ ወርቅ ቀብሮ፣ ቦታውን በቁጥር አስቀርጾ ሄደ ይባላል። የሒሳብ አስተማሪዎች ቁጥሮቹን ደምረዋቸዋል፣ ቀንሰዋቸዋል። ወንጌላውያን ከመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና ቁጥር ጋር አስተያይተዋቸዋል። ከዱራሜ ድረስ የመጡ ነጋዴዎች ድንጋዩን ሲዳብሱ ውለው ተመልሰዋል። እናቴ ያጠበችውን ልብስ ታሰጣበት ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን በጤና ጣቢያ ድሬሰርነት አሳልፈው ጡረታ ሲወጡ፣ መርፌና ቁስል የለመደው እጃቸው ሥራ ፈታና ድንጋዩን ያዙ። የማይዋሹ ሰው ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ቁልፉን ያገኙት የፊደል ገበታ ላይ ነው። ድንጋዩ ላይ ከሠላሳ ሦስት የሚበልጥ ቁጥር የለም፤ የገበታው ረድፎችም ሠላሳ ሦስት ናቸው። ስለዚህ ሁለት ማለት የ«ለ» ቤት፣ ስድስት ማለት የ«ረ» ቤት ነው አሉ። ከቤቱ ውስጥ «ለ» ይሁን «ሉ» ወይም «ሎ» አንባቢው ይመርጣል። ትርጉም አልሰጥ ያለውን ቁጥር «ይሄ ማደናገሪያ ነው» ብለው ይዘሉታል። በአማርኛ አልገጥም ሲል በሀዲይኛ፣ በሀዲይኛ እንቢ ሲል በከምባትኛ ያነቡታል፤ ባለቤታቸው የዱራሜ ልጅ ስለሆኑ ሦስቱንም ቋንቋ እኩል ያቀላጥፉታል።

እንዲህ ተነብቦ የወጣው ቃል «ወርቁ ከቤቱ ወደ ፀሐይ መግቢያ፣ ከዌሳው ሥር ነው» የሚል ነበር። ዌሳ በሀዲይኛ እንሰት ነው።

ከቤቱ ወደ ፀሐይ መግቢያ ያለው እንሰት ደግሞ የእናቴ ሙሉ ኑሮ ነበር። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የኖረችው በእሱ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀርቶ በቆሎው ሳያፈራ ደርቋል፤ እንሰቱ ግን ቆሟል። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ተነቅሎ ወርቁ ባይገኝ፣ አዲሱ እስኪደርስ ምን ትበላለች?

እናቴ አብራቸው መጥታ ኖሮ፣ ነጠላዋን አጣፍታ የቢሮው በር ላይ ቆማለች።

«እስቲ አንቺ ንገሪው» አለችኝ በቋንቋችን። «ጥርስ ሲነቅል የኖረ እጅ አሁን እንሰቴን ሊነቅል ነው።»

«ወርቁ ይውጣ እንጂ፣ እንሰት ምን ያደርጋል፤ ሱቅ ነው የምተክልልሽ» አሏት አጎቴ።

«ሱቅ ተፍቆ ይጋገራል?»

አጎቴ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ። አይተሽው እውነት ነው ካልሽኝ ይቆፈር» አለች። አጎቴም «እኔም በዚህ እስማማለሁ» አሉ፤ ልባቸው ሙሉ ነበር።

አላመንኩም ነበር ብል ውሸት ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር አግዳሚ ወንበር ተጋፍቼ ነው። ያን ገበታ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን የዓለም በር የተከፈተልኝ መስሎኝ ነበር። እንግዲህ ይኸው ገበታ ወርቅ ይጠቁማል ሲሉኝ እንዴት አላምንም? ግን የእናቴ ዓይን እላዬ ላይ ነበር።

ቢሯችን የእርሻ ልማት ቢሮ ነው። እኔ ታይፒስት ነበርኩ። የማዳበሪያና የዘር እደላን እንዲመዘግብ አንድ ኮምፒውተር ተልኮልን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ጥቂት ቀን አሠልጥኖን ሲመለስ መመሪያ መጽሐፉን ትቶልን ሄደ። ሌሎቹ መጽሐፉን መስኮት ደገፉበት። እኔ ከመስኮቱ አንስቼ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ጨረስኩት፤ ማሽኑን በጽሑፍ ማዘዝም ቻልኩ። ኃላፊያችንን ባስፈቅዳቸው፣ «ለማዳበሪያ የመጣ ኮምፒውተር ወርቅ ሊፈልግ!» ብለው ሳቁና በምሳ ሰዓት ይሁን አሉኝ።

ቁጥሮቹን አጎቴ ከገለበጡት ወረቀት ብቻ መውሰድ ልቤ አልፈቀደም። ሆመቾ ወርጄ ድንጋዩ ላይ ወረቀት ዘርግቼ፣ ከሰል እያሸሁበት ቅርጹን አነሳሁና ከእሳቸው ጋር አመሳከርኩ። አንዲት ስሕተት አላገኘሁባቸውም። እንደ መድኃኒት ልክ ጠንቅቀው ነበር የገለበጡት።

ኮምፒውተሩ አማርኛ አያውቅም፤ ቁጥር ግን ያውቃል። ወርቅን አሥራ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ዘጠኝ ብዬ ሰጠሁት። ቤትን፣ ፀሐይን፣ ሥርን፣ ዌሳን፣ ሌሎችንም የሦስቱን ቋንቋ ቃላት እንዲሁ በየቤታቸው ቁጥር አስገባሁ። ከዚያ እንደ አጎቴ እየዘለለ ድንጋዩ ውስጥ እንዲፈልግ አዘዝኩት።

ጥቁሩ የማሽኑ መስኮት ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። ወርቅ፣ አለ። ቤት፣ አለ። ዌሳ፣ አለ፤ ደግሞ አለ። ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። ይህ ዕቃ ጉጉት የለው፣ ጡረታ አልወጣ፣ ሱቅ አያምረው፤ እሱም አለ ካለ አለ ማለት ነው አልኩ። እናቴን ይቆፈር ልላት ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ያስቆመኝ አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ማሽን «የለም» የሚለው ለምን ዓይነት ድንጋይ ነው?

መመሪያው ውስጥ ማሽኑ ራሱ ዕጣ እንደሚያወጣ ሰው ቁጥር እንዲያወጣ የሚያደርግ ትእዛዝ አለ። በእሱ ሌላ ድንጋይ ሠራሁ፤ የእናቴን ድንጋይ ያህል ቁጥር ያለበት፣ ማንም ያልቀረጸው። ፈለገበት። ወርቅ፣ አለ። አጋጣሚ ነው ብዬ በማግሥቱ ብደግም ያንኑ ቁጥር፣ በዚያው ቅደም ተከተል አወጣልኝ። ደነገጥኩ፤ ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ። ለካ መነሻ ቁጥር ካልቀያየሩለት ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው የሚነሣው። ያንን አስተካክዬ በየምሳ ሰዓቱ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ስደራርብ ሰነበትኩ። አንዳንዱ ቤት ይጎድለዋል፣ አንዳንዱ ፀሐይ። ወርቅ የሚያጣ ግን እምብዛም አልነበረም፤ ዌሳማ ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነች የሌለችበት ድንጋይ አላየሁም።

በሕይወቴ እንደዚያ የደነቀኝ ነገር የለም። ውጭ ሰዎች ከመናኸሪያ በግ እየጎተቱ ያልፋሉ፤ እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ማንም ያልቀበረውን ወርቅ እመለከታለሁ። በየድንጋዩ አለ፤ ስፍር ቁጥር የለውም። ፈጣሪ ቁጥርን ሲፈጥር ምን ያህል ነገር ጨመረበት!

ዓርብ ሁለቱም መጡ። ለአጎቴ ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ማሽኑ ቃል ይለቅማል እንጂ አያነብም» አሉኝ ሳይቆጡ። «ማንበብ የሰው ነው። እስቲ ያንን የእብድ ቁጥርሽን አምጪው። ከእሱ የሚወጣ ነገር ካለ እኔ ራሴ ባርኔጣዬን እበላለሁ።»

«እሱን ለማላመጥ ጥርስ ይኑርህ እንጂ» አለች እናቴ።

ማተሚያው እየተንጫጫ አንድ ድንጋይ በወረቀት አወጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ እርሳስ ይዘው ተቀመጡ። በየቁጥሩ ሥር ፊደል እየጻፉ ወረዱ። ከዚያ ቀስ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ወርቅ...» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። ጎንበስ አሉ። «ወርቅ በወንዙ... ከዌሳ...» አሉ። ሌላ ወረቀት ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ከዚያኛው ደግሞ አንድ ሣጥን ከዛፍ በታች ወጣ፤ ያውም ከመጀመሪያው አምሮ፣ ሦስቱ ቋንቋዎች እየተቀባበሉ።

እርሳሱን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«ማንም አልጻፈውም፣ ጋሼ።»

«ማንም?»

«ዕጣ ነው።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናቴ ልትተርብ ከንፈሯን ከፍታ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው። አጎቴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጸሎት ላይ እንዳለ ሰው ማሽኑን አዩት።

«እንግዲያ ድንጋያችን ባዶ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እሱን አላውቅም። ኮምፒውተሩም አያውቅም። የማውቀው የእርስዎ አነባበብ ከማንኛውም ቁጥር ወርቅ እንደሚያወጣ ነው። ድንጋዩ አንዲት ቃል ባይናገር እንኳ ያናግረዋል።»

«እኔ ነኛ ስናገር የከረምኩት» አሉ፤ ለራሳቸው ነበር የተናገሩት።

እናቴ በሀዲይኛ፣ በቀስታ፣ «ልጄ፣ ይቆፈር ነው ወይስ አይቆፈር?» አለች።

«አይቆፈር፣ እማዬ።»

አጎቴ ለቁፋሮው አስቀድመው የጠሯቸው ጎረምሶች ግን ቅዳሜ ጠዋት ዶማና አካፋቸውን ተሸክመው ከተፍ አሉ። አጎቴ እንሰቱ ፊት ቆመው እውነቱን ነገሯቸው፤ «ተሳስቻለሁ፣ የፈታሁት አልተፈታም» አሉ፣ ምክንያት ሳይደረድሩ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር ፈርተው ነው እንጂ!» አለ አንዱ። ሳቁባቸው።

«አዎ፣ ፈራሁት» አሉ። «አንተም ብታየው ትፈራው ነበር።»

እናቴ የመጣ ጉልበት በከንቱ እንዲመለስ የምትፈቅድ ሴት አይደለችም። ለመዛወር የደረሰ የእንሰት ችግኝ ስለነበራት፣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት አሳይታ ሁሉንም የችግኝ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረች። አጎቴም ኮታቸውን ድንጋዩ ላይ ጥለው ዶማ አነሡ። ጥቂት ከቆፈሩ በኋላ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና ወደ ቁጥሮቹ ተመለከቱ።

«ሌላ ቁልፍ ባገኝ ትፈትኚልኛለሽ?» አሉኝ።

«በምሳ ሰዓት ይምጡ» አልኳቸው።

«መጀመሪያ የያዝከውን ጨርስ!» አለች እናቴ ችግኙን እንደ ሕፃን አቅፋ እየመጣች። «ደግሞ ጠለቅ አድርገው፤ ወርቅ እንደምትፈልግ።»