ደረቁ ኮረብታና የሚስተር ሊን ሳንቲሞች

ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። እኛ «ደረቁ» እንለው ነበር። «ተተኪ ጦር እስኪደርስ እንዳትለቁ» ተባልን፤ ያዝነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጠላት ከኋላችን መንገዱን ቆረጠ። ከግርጌያችን ወንዝ ይታያል፤ በወንዙ ላይ ግን መትረየስ ተጠምዶበታል።

ውሃ አለቀ። የሬዲዮ ኦፕሬተራችን ተፈራ ልበ ደግ ነበርና የተስፋ ዳቦ ያበላን ጀመር። «አይዟችሁ፣ ማታ ውሃ ይገባል።» አልገባም። «ጠዋት በሄሊኮፕተር ይጣልልናል።» ጠዋትም የለም። ቀትር ላይ ሁለት ልጆች ኮዳቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ሮጡ። መትረየሱ አንዴ ተንጣጣ። አልተመለሱም።

መኮንናችን ስለወደቀ የሚመራን ሃምሳ አለቃ በቀለ ነበር። «ከእንግዲህ ውሃ ይመጣል የሚል እንዳልሰማ» አለ። በኮዳው የቀረችውን ጭላጭ ውሃ በክዳን እየለካ ለቁስለኞች አጠጣ። «ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬስ ይመጣል?» ስንለው መልሱ አንድ ነው፦

«አላውቅም። እኔ ግን እዚሁ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አልሮጠም። ጎህ ሲቀድ ጠላት አጠቃ። ተፈራ ከሬዲዮው ጋር፣ በቀለ ከምሽጉ አፍ ላይ ወደቁ። አልለቀቅንም። ረፋድ ላይ ተተኪው ጦር ደረሰ።

ልጆቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ከሲያትል ሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል ሆኜ ነው። ቻይናዊው ጎረቤቴ ሚስተር ሊን ልባቸውን ኦፕራሲዮን እየተደረጉ ነው። ትናንት ሦስት ሳንቲም እየወረወሩ እንደ ጥንት አባቶቻቸው ዕጣቸውን አዩ። አብሬ መቀመጤን ንስሐ አባቴ ቢሰሙ ስግደቱን አልችለውም። በሳንቲሞቹ አወዳደቅ ከጥንት መጽሐፋቸው የወጣላቸው ምልክት፣ ውሃው ከሥሩ ሾልኮ ያለቀበት ሐይቅ ነበር።

«መጽሐፉ እንዲህ ባለ ጊዜ ቃል አይታመንም ይላል» አሉኝ። «ሰው ዝም ብሎ ይጸናል።»

ደነገጥኩ። ይህን መጀመሪያ ያሰበ ቻይናዊ ተከቦ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። በቀለን ቢያገኘው ይወደው ነበር።

ዛሬ ጠዋት እኅታችሁ በመኪናዋ አድርሳን «ዶንት ወሪ፣ ኦኬ ይሆናል» አለቻቸው። ፈገግ አሉላት። ፓርክ ልታደርግ ስትሄድ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ እወጣ ይሆን?»

«አላውቅም። እኔ ግን እዚሁ ነኝ።»

እጄን ጨበጡና ገቡ።

ደረቁ ላይ ሠላሳ ሁለት ሆነን ወጥተን አሥራ አራት ወረድን። እዚያ የቀሩትን ስማቸውን እየጠራሁ ስቆጥር ሁልጊዜ የምጨርሰው በበቀለ ነው። አሁንም በእሱ ጨረስኩ። ሐኪሙ ገና አልወጣም። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።