ቀለም የበዛበት ወረቀት

አሁን ያለው ማባዣ ቀለሙን ራሱ ነው የሚጠጣው። ክዳኑን ከፍቼ የታሸገውን ቱቦ አስገባለሁ፣ ቀጭ ሲል እዘጋለሁ፣ አበቃ። ቀለም ሲያልቅበት መብራት ያበራል፤ ሲሞላለት ዝም ይላል። እጄ በቀለም ከጠቆረ ስንት ዓመቱ! አዲስ የሚመጡት መምህራን ማሽኑን ፎቶ ኮፒ ይሉታል፤ እኔም አላርማቸውም። ፈተናቸው እስከተባዛላቸው ድረስ ስሙ ለማን ምን ያደርጋል።

እኔ ሥራውን የለመድኩት በእጅ በሚዞረው ላይ ነው። አዳማ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ። ስቀጠር ጸሐፊ ተብዬ ነበር፣ በየዓመቱ ሰኔ ላይ በሚታደስ ኮንትራት። ሥራዬ ፈተናውን ስቴንስል ላይ መተየብ ነበር። ስቴንስል በሰም የተነከረ ስስ ወረቀት ነው፤ የታይፕ ፊደል ሰሙን ይበሳዋል፣ ቀለም በቀዳዳው ያልፍና ወረቀት ላይ ጽሑፍ ይሆናል። ኮምፒዩተር በየቢሮው ከገባ በኋላ እንኳ እኛ በዚያው ቆየን። መብራት በሚጠፋበት ከተማ በእጅ የሚዞር ነገር ይታመናል።

ማባዣውን የሚያዞሩት ሌላ ሰው ነበሩ። ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው አዳማ የሰፈሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። ዕድሜያቸው ከአባቴ ስለማያንስ ጋሼ ብዬ ጀመርኩ፣ በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ያናድዱኝ ነበር። አንድ ነገር ስጠይቃቸው መልሱን ከመናገር ይልቅ ቆሜ እንዳይ ያደርጉኛል፤ እኔ ደግሞ መቆም አልወድም።

ስለ ቀለም የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት እንዲያ ቆሜ ነው። ቀለሙ ጥቁር ነው፣ እንደ ግራሶ የወፈረ። ቱቦው ከበሮው ውስጥ ይገጠማል፣ በጎን ያለችው እጀታ ስትጫን ቀለም ወደ ውስጥ ይተፋል፣ ብሩሹ ያዳርሰዋል፣ ከበሮው ላይ የተወጠረው ጨርቅም ይጠጣዋል። ጣጣው የአዳማ ሙቀት ነው። ቀለሙ ይቀጥንና ከሚገባው በላይ ይወርዳል። ለዚህ ሲሉ ጋሼ ቱቦዎቹን በባልዲ ውሃ ውስጥ ያስቀምጧቸው ነበር። መስኮት አያስከፍቱም፤ ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ ስቴንስሉ ላይ ካረፈ በየገጹ ነጭ ነጥብ ይሆናል። እንግዲህ ቀለሙ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲቀዘቅዝ የምንቀቀለው እኛ ነበርን።

ጋሼ እጀታዋን ሁለት ጊዜ ይጫኑና ወረቀት ሳያስገቡ ከበሮውን አሥር ጊዜ ያዞሩታል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ገርጥተው ይወጣሉ። ይጨመርበት እንጂ ስላቸው፣ ቀለም የሚሰጠው ለመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን ለመቶኛው ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነበር፤ ሃምሳኛው አካባቢ ፊደሉ ይጠቁራል፣ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው። ቀለም ማነሱን በጆሮ ነበር የሚያውቁት። ከበሮው ሲደርቅ ድምፁ ይለወጣል ይሉ ነበር፤ እኔ ያንን ድምፅ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሲገረጣ ካየሁ እጫናለሁ። ስለዚህ እሳቸው ያባዙት ወረቀትና እኔ ያባዛሁት ወረቀት ጎን ለጎን ቢቀመጥ የማን እንደሆነ ለመለየት ብዙ ማየት አያስፈልግም ነበር። የእኔ ፊደል ያበጠ ነው፤ ቀዳዳ ያላቸው ፊደሎች ሁሉ ይደፈናሉ።

የፈተና ሰሞን ሥርዓት ነበረው። የተበላሸው ወረቀት ተቆጥሮ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ባሉበት ይቃጠላል። ስቴንስሉ ግን ፈተናው እስኪያልቅ ይቆያል፤ ወረቀት ቢጎድል እንደገና ማባዛት ሊያስፈልግ ይችላል። ከከበሮው ሲላቀቅ ቀለም ስላለበት፣ በሁለት ወረቀት መካከል አስተኝተን በእጅ እናሸዋለን፣ ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ለማሻ የምንጠቀመው ወረቀቱ በሪም ታሽጎ የሚመጣበትን ቡናማ መጠቅለያ ነበር። ያሸንባቸውን መጠቅለያዎች የሚቆጥር የለም፤ ጋሼ በራሳቸው ፈቃድ ከተበላሸው ጋር ጨምረው ያቃጥሏቸዋል። ንጹሖቹን እኔ እሰበስባለሁ።

የምሰበስበው በር ላይ ኦቾሎኒ ለምትሸጠው ሴት ነበር። ጠዋት አካም ቡልቴ ትለኛለች፣ ነጋ እላታለሁ፣ ኦሮምኛዬ እዚያ ላይ ያልቃል፤ የቀረውን በአማርኛ እንጨርሰዋለን። መጠቅለያውን ቀድዳ ለኦቾሎኒው መያዣ እንደ ቀንድ ትጠቀልለዋለች፤ ለእኔም አንድ እፍኝ ትዘግንልኛለች። ምንም ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ መናገሩ ይቀለኝ ነበር ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ።

ቀኑ አርብ ነበር፤ ሰኞ የፊዚክስ ማጠቃለያ ፈተና አለ። ጋሼ ቁልፉን ለእኔ ትተው ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሄዱ። የቀረው መቶ ገጽ ያህል ነው። ገረጣብኝ፣ ጫንኩ። አሁንም ሳይ የገረጣ መሰለኝ፣ ደግሜ ጫንኩ። ሙቀቱ ብሶ ስለነበር ቀለሙ ሁሉ በአንዴ ወረደ። ጨርሼ ስቴንስሉን ሳሸው የላይኛው መጠቅለያ ገጹን እንዳለ ወሰደው፣ ጥያቄውን ከነምርጫው። በጋሼ አቀላለም ቢሆን የሚወጣው ነጠብጣብ ብቻ ነበር። አላየሁም ማለት አልችልም፤ አይቻለሁ። አላሰብኩበትም እንጂ። አጥፌ ንጹሖቹ የተደረደሩበት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ እጄን ልታጠብ ወጣሁ፣ ስመለስ ወንበሩ ላይ የነበረውን መጠቅለያ ሁሉ ሰብስቤ ወስጄ ለሴትዮዋ ሰጠኋት።

እሷም ልብ አላለችውም። የተጻፈበት ወረቀት ለኦቾሎኒ ሻጭ ብርቅ አይደለም። ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚማሩት ልጆች መጡ፣ ገዙ፣ በሉ፣ አነበቡ። ሰኞ ከፈተናው በኋላ የፊዚክሱ መምህር ራሱ ኦቾሎኒ ገዛ፤ በልቶ ሲጨርስ የገዛ ጥያቄውን መዳፉ ላይ አገኘው። ዛሬ ስነግረው ሊያስቅ ይችላል። ያኔ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራን፤ ጋሼና እኔ። ሴትዮዋን ጠይቀዋት ወረቀቱ ከማባዣ ክፍል እንደሚሰጣት ተናግራለች፤ የሰው ስም አልጠራችም። ወረቀቱ ተዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ዘይትና ጨው እንደያዘ። ጋሼ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ጥያቄውን እንዳላነበቡ አውቃለሁ። ያዩት ፊደሉን ነው፣ ውፍረቱን። አይተው ሲጨርሱ መልሰው አስቀመጡት፤ ያን ጊዜ እንዳወቁ አወቅኩ።

"ክፍሉ የእኔ ነው፣ ቁልፉም የእኔ ነው" አሉ። "ሌላ ሰው አትጠይቁ።"

ምክትሉ ወደ እኔ ዞረው የምትጨምሪው አለሽ ወይ አሉኝ። የለኝም አልኩ።

ስለዚያች ደቂቃ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ፈርቼ ነበር ብል ማሳመር ይሆንብኛል። ኮንትራቴ ሊታደስ ሳምንታት ቀርተውት ነበር፣ እሱን አስቤ ነበር ብልም ልክ አይሆንም፤ ያሰብኩት ነገር የለም። እንደ ደነዘዘ እግር ነበርኩ። እግሩ እንዳለ ታውቃለህ፣ ብትቆነጥጠው ግን የሌላ ሰው ነው። ከቢሮው ወጥቼ ምሳዬን በላሁ፣ ከሰዓት በኋላ የጂኦግራፊ ፈተና ተየብኩ፣ አንድም ፊደል አልሳትኩም።

ውሳኔው እስኪመጣ አንድ ሳምንት ፈጀ። ጋሼ ማሽኑን እንዳይነኩ ታዘው ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ። ግን በየቀኑ ይመጡ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲሆን ከክፍሉ በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ደህና አደሩ ጋሼ እላቸዋለሁ። አልሐምዱሊላህ ይሉና ምን አዲስ ነገር አለ ብለው ይጠይቁኛል። ምንም የለም እላለሁ። እገባለሁ፣ አዞራለሁ። ለዙሁር ሶላት ተነስተው ሲሄዱ ጥላቸው በመስኮቱ ያልፋል። እኔ ማሽኑ ናፍቋቸው መስሎኝ ነበር፤ ሰው የኖረበትን ነገር ዝም ብሎ አይተወውም ብዬ።

በሳምንቱ ደብዳቤው መጣ። ተሰናበቱ። ለጡረታ የቀራቸው ትንሽ ነበር። የሥራ ጋዋናቸውን አጥፈው በፌስታል ይዘው ወጡ፣ ባቱ ካለችው እህታቸው ዘንድ ሄዱ ተባለ። ሰኔ ላይ እኔ ቋሚ ሆንኩ። ቦታው ክፍት ነበር፣ ሥራውን የሚያውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በእኔ ላይ እያደር የመጣው መልመድ ነው። እጀታዋን ሁለት ጊዜ ብቻ መጫን ጀመርኩ፣ ቱቦዎቹን ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ፊደሌ ቀጠነ። የእጄን ጥራት የሚያመሰግኑ መምህራን ነበሩ። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናችን ለምስክርነት ይወጣል፤ ከበሽታ ስለመዳኔ መስክሬያለሁ፣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ መስክሬያለሁ። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አፌን አልከፈትኩም። ለራሴ የነገርኩት ታሪክም ነበረኝ፤ ጋሼ አዝነውልኝ ጥፋቴን በላያቸው ወሰዱልኝ የሚል። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ ወደ ውለታ ይለወጥና አብሮ መኖር ይቻላል።

በቅርቡ ላንጋኖ ለሦስት ቀን ሥልጠና ተወስደን ነበር። ሐይቁን ሳየው ምንም አልመሰለኝም፣ እንዲያው ሰፊ ውሃ። ከእኛ ጋር የመጣ የባቱ መምህር ጋሼን ያውቃቸዋል፤ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እንዳላቸው፣ የት ሰፈር እንደሆነም ነገረኝ። ሥልጠናው ሲያልቅ ከባልደረቦቼ ተለይቼ ባቱ ወረድኩና ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

አርጅተዋል። ዓይናቸው ግን አልደከመም፤ ገና ከባጃጁ ስወርድ አወቁኝ። ወንበር ሰጡኝ፣ ለስላሳ ከፈቱልኝ፣ ስለ ልጄ ጠየቁኝ። እኔ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

"ጋሼ፣ ያ ወረቀት የእኔ ነበር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።"

ለትምህርት ቤቱ እውነቱን ልጽፍ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፤ ርዕሰ መምህሩ ለቀዋል፣ ምክትሉ ሞተዋል። ከፈለግሽ ጻፊ፣ እኔ ግን የምጠብቀው ነገር የለም አሉ። አነጋገራቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ያን ሁሉ ዓመት ይዤው የኖርኩትን ምስጋና አወጣሁት። ስላዳኑኝ፣ ጥፋቴን ስለወሰዱልኝ እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

የዕቃ መደርደሪያውን መጥረግ ጀምረው ነበር፤ ጨርቁን አስቀመጡት።

"እኔ አልወሰድኩልሽም" አሉኝ። "እነሱ ቢያወጡብሽ ጥፋት ይሆንብሻል፤ ራስሽ ብትናገሪው ግን ስህተት ነው፣ ይታለፋል። ትናገራለች፣ ጊዜ ልስጣት ብዬ ነው። ያን ሳምንት አግዳሚው ላይ የተቀመጥኩት አንቺን ስጠብቅ ነበር።"

እስክሪብቶ የሚገዛ ሰው መጣ። ተነስተው ሊሸጡለት ሄዱ።

መሸኘት አያስፈልግም ብዬ ወጣሁና መናኸሪያ ሄጄ የአዳማ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መቂ ስንደርስ ቲማቲም የሚጭኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ነበር፤ ቆምን። ጋሼ ያሉኝን ድምፄን አውጥቼ ለራሴ መድገም የጀመርኩት እዚያ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ምን ሆንሽ ልጄ አሉኝ፣ እኔም የማላውቃቸውን ሴት ከቀለሙ ጀምሬ ሁሉን ነገርኳቸው፣ ጁምዓውን፣ መጠቅለያውን፣ ቢሮውን። አንድም ነገር አላሳመርኩም። ሴትዮዋ እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ታዲያ ሰውየው ምን አሉ?" አሉኝ።

"ሳምንት ሙሉ ጠበቁኝ" አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።