የአስር አለቃ ወርቅነህ አጭር ስለት

ኮረብታው ስም አልነበረውም፤ ካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው። ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ምክትል መቶ አለቃ ተፈራ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «ነገ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል እንነሳለን። ኮረብታው ላይ ያለውን ጓድ እንተካለን። ሦስት ቀን እንቆያለን» አለን። ሌላ አልጨመረም። እኛም አልጠየቅንም። አስራ አንድ ሰዎች ነበርን።

እዚህ ስዊዘርላንድ የምታድጉ ልጆች፣ ከቅዳሴ በኋላ ስንገናኝ «ጋሼ በላቸው፣ ኮሪያ እንዴት ነበር?» ትሉኛላችሁ። ስለ ብርዱ ነግሬአችኋለሁ። ጥርሳችን ሲንገጫገጭ ጠላት መትረየስ መስሎት ይተኩስብን ነበር ብያችኋለሁ። እሱ ትንሽ ተጋኗል። ስለ ጃፓኑ አጭር ስለት፣ ስለዚያ ጩቤ፣ የነገርኳችሁ ግን ትንሽ አይደለም የተጋነነው። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ስለቱ የጓደኛዬ የአስር አለቃ ወርቅነህ ነው። ሁለታችንም የጉለሌ ልጆች ነን። ከግንባር የአምስት ቀን ፈቃድ ተሰጥቶን ቶኪዮ በሄድን ጊዜ ሌሎቻችን ሰዓትና የሐር ጨርቅ ገዛን። እሱ የአንድ ሽማግሌ ሱቅ ገብቶ ግማሽ ቀን ፈጀና ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ ስለት ይዞ ወጣ። ባለ አንድ አፍ ነው፤ አፎቱ ጥቁር እንጨት ሆኖ እንደ መስታወት ያበራል። ጃፓኖች ታንቶ ይሉታል።

«ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት። ሚስቱን ነፍሰ ጡር ትቷት ነበር የዘመተው።

«ወንድ ከተወለደ ይታጠቀዋል።»

«ሴት ከሆነችስ?»

«ሽንኩርት ትክተፍበት። ይህን ከመሰለ ብረት ጋር ሽንኩርትም አያስለቅሳት።»

ትእዛዙ በደረሰን ቀን፣ አስር ሰዓት ላይ መሣሪያ ማጽዳት ጀመርን። እኛ የሠለጠንነው እንዲህ ነው፤ የሚፈታ ነገር ሁሉ ይፈታል፣ የዛገ ነገር ሁሉ ይፈተጋል። ጠብመንጃው ዝጎ የተገኘ ወታደር ድርብ ጥበቃ ይቆማል። ወርቅነህ ጠብመንጃውን ጨርሶ ታንቶውንም ፈታው። እጀታውን የያዘችውን የቀርከሃ ሚስማር በጥይት ጫፍ ገፍቶ አወጣት። እጀታው ሲወልቅ፣ ውስጡ ተደብቆ የነበረው የብረቱ ጭራ ከል የለበሰ ይመስል ጠቁሯል።

«አየኸው ያን ሽማግሌ! ዝገቱን በእጀታ ሸፍኖ ሸጠልኝ።»

«ፊቱ ሲታይ ጨዋ፣ ውስጡ እንዳንተ» አልኩት።

በአመድና በጠብመንጃ ዘይት ፈተግነው። እሱ ሲደክመው እኔ፣ እኔ ሲደክመኝ እሱ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ጭራው ላይ ጥቃቅን ጽሕፈት ተቀርጾበት ነበር፤ እሱም ከዝገቱ ጋር አብሮ ሄደ። ምክትል መቶ አለቃው ሲያልፍ አየውና «አሁን ገና የወታደር መሣሪያ መሰለ» አለ። ኮራን።

በማግስቱ በሰዓቱ ተነሳን። አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ኮረብታው ላይ ነበርን። ቦታውን የለቀቀልን ጓድ ቁልቁል ከወረደ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላውም፣ ሞርታር ጀመረ። የመጀመሪያው ከኋላችን ወደቀ። ሁለተኛው ከፊታችን። ሦስተኛው መሐላችን። ወታደር ሐጎስ መትረየሱ ላይ እንደተደፋ ቀረ። ወታደር ጉደታ ቦታውን ያዘ፤ ብዙ ሳይተኩስ እሱም ወደቀ። ጠላት ከሥር መጣ። ተኮስን። ተመለሰ። እንደገና መጣ። የእጅ ቦምብ ወረወርን። ተመለሰ። ምክትል መቶ አለቃ ተፈራ «ጥይት ቆጥቡ!» ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ተኩሱ ቀነሰ።

ወርቅነህም የሞተው በዚያው ጠዋት ነው። እንዴት እንደሞተ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ለሚስቱ ያልኳትን ልናገር።

አገራችን ስንገባ ስለቱን ይዤ ጉለሌ ሄድኩ። ሚስቱ ወይዘሮ አሰገደች ሕፃን ታቅፋ ነበር። «እንዴት ሞተ?» አለችኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ይህ ነው፤ «ስለቱን መዝዞ መሐላቸው ገባ። ሰባት ጥሎ ነው የወደቀ።» ሰባት ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ አፌ ላይ ቀለለኝ። ቀና አለች። ጎረቤት ተጠርቶ እንደገና አስነገረችኝ። በየፋሲካው እሄድ ነበር፣ በየፋሲካው ታስነግረኛለች። በአስረኛው ዓመት ግድም ሰባቱ አስራ ሁለት ሆኑ። ሕፃኗ የሺ ቁጥሩን በቃሏ እየያዘች አደገች።

ደርግ መጥቶ የድሮ ወታደር ሁሉ በሚጠረጠርበት ሰሞን ወጣሁና ዙሪክ ገባሁ። አልትሽቴተን የሚባል ሰፈር እኖራለሁ፤ ትራም ማደሪያ ውስጥ እሠራለሁ። እናንተ የትራም ኃላፊ ነው ብላችሁ ካወራችሁ አልቃወምም፤ ሥራዬ ወለል ማጠብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሌላ ሰፈር፣ አፎልተርን፣ ሄጄ የጃፓን ሰይፍ የሚማሩበትን አዳራሽ አጸዳለሁ። የባንክ ጸሐፊዎች ጥቁር ቀሚስ የመሰለ ሱሪ ለብሰው በእንጨት ሰይፍ እየጮኹ አየር ይቆርጣሉ። አየሩ አንድም ቀን ሲሞት አላየሁም። መምህራቸው ሄር ብሩነር፣ በእኛ አቶ ብሩነር፣ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። አጫጭር ስለቶች ይሰበስባል፤ ሲያሳየኝ በነጭ ጨርቅ ይዞ፣ ስለታሙን ጎን ወደ ራሱ አዙሮ ነው። እኔ ዝም ብዬ ባይ ምን ነበረበት? በዚያች በሰባራ ጀርመንኛዬ የወርቅነህን ታሪክ ነገርኩት። ጀርመንኛ ላይ አስራ ሁለቱ አስራ አምስት ሆኑ።

ሄር ብሩነር ቀልድ አያውቅም። የሰይፍ ተማሪዎቹ ማኅበር ባለፈው መጋቢት ጄኔቭ ላይ የአጫጭር ስለቶች ትርኢት ሲያዘጋጅ «ያ ስለት መምጣት አለበት» አለ። ስለቱ ደግሞ እዚያው ጄኔቭ ነበር። የሺ አድጋ፣ ተምራ፣ ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ትሠራለች። እናቷ ስትሞት ስለቱን በነጠላ ጠቅልላ ይዛው መጥታለች። ስልክ ደወልኩላት። በደስታ አለቀሰች። እኔ ስልኩን ዘጋሁ። ታሪኩ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው፤ የሞተው ሰው ልጅ ከፊቱ ልትቆም ነው።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግራንድ ሳኮኔ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለው ትልቁ የትርኢት አዳራሽ ከሄር ብሩነር ጋር ደረስን። የሺ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን አስከትላ መጥታለች። ከስለቱ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርድ አነበበችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ በላቸው፣ አስራ አምስት ይላል። አስራ ሁለት አልነበሩም እንዴ?»

«ስዊሶች ናቸው፤ ሲተረጉሙ ይሆናል» አልኳት።

«ስዊሶች ቁጥር ይሳሳታሉ?»

ወዲያው ስለቱን የሚመረምሩት ጃፓናዊ አዛውንት፣ አቶ ሞሪታ፣ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለት ሲስሉ የኖሩ ናቸው። ለስለቱ እጅ ነሡ። ትንፋሻቸው እንዳይነካው ወረቀት በከንፈራቸው ያዙ። ሚስማሯን አወጡ፣ እጀታውን አወለቁ። ቀጥ ብለው ቀሩ። ወረቀቱ ከከንፈራቸው ወደቀ።

በጃፓንኛ ተናገሩ። ሄር ብሩነር ወደ ጀርመንኛ መለሰው፤ የሺ ጀርመንኛ ስለማታውቅ፣ እሱም ፈረንሳይኛ ስለማይችል፣ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ለካ ያ ጥቁር ዝገት አይነካም። የስለቱ ዕድሜና የሠሪው ስም ያለው እዚያ ነው፤ በዓለም ላይ ማንም ሰብሳቢ ጣቱን አያሳርፍበትም። «የሰው የልደት ወረቀት በሳሙና እንደማጠብ ነው። ማን ነው ይህን ያደረገ?» ብለዋል።

ሳቄ አመለጠኝ። «እኔና አባትሽ ነን» አልኳት።

«አባቴ?»

«ዝገት መስሎን! በአመድ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። መቶ አለቃው እንኳ አመስግኖናል።»

የሺ እጇን ሰደደችና የሚያበራውን ጭራ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አዛውንቱ ቀስ በቀስ መልሶ የሚያጠቁር ዘዴ እንዳለ ተናገሩ። ነገርኳት።

«እንዳይነኩት ይበሉልኝ» አለች። «የአባቴ እጅ ያረፈበት ሌላ ነገር የለኝም።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። አቶ ሞሪታ ግን ማጉያ መነጽር አወጡና ስለቱን ከጫፍ እስከ ሥር አዩት። መሐሉ ላይ ቆሙ። ብዙ ተናገሩ። ሄር ብሩነር ሲተረጉምልኝ ካርዱን እያየ ነበር። ይህ ስለት ሰው ነክቶ አያውቅም አሉ። ወፍራም ቆዳ መቁረጥ ጀምሮ ነበር፤ ትንሽ ክብ ብረት ጠርዙን ሰብሮታል፤ ስብራቱ ይኸውና።

የሺ አፌን ታያለች። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጀርመንኛውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ከእኔ በቀር አልነበረም። የፈለግሁትን ማለት እችል ነበር።

«ጥሩ ስለት ነው ይላሉ» አልኳት።

«ይህን ሁሉ ደቂቃ ተናግረው፣ ጥሩ ስለት ነው ብቻ?»

ወደ ካርዱ ዞርኩ።

«ጋሼ በላቸው፣ ምንድን ነው ያሉት?»

ነገርኳት። የተባለውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

«አስራ ሁለቱስ?»

«አንድም የለም።»

ባልደረቦቿን በፈረንሳይኛ ይቅርታ ጠይቃ ራቅ ወዳለ አግዳሚ ወንበር ወሰደችኝ። ተቀመጥን። «እንግዲህ ይንገሩኝ» አለች።

በዚያ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ተኩሱ ሲቀንስ እኔ ከምሽጉ ውጭ ሃያ እርምጃ ርቄ ወድቄ ነበር። ቁርጭምጭሚቴን የምስር ፍሬ የምታህል ፍንጣሪ መትታኛለች። ጫማዬ ውስጥ ደም ሞቀኝ። ከምር የተቆረጠ ሰው ምን ብሎ እንደሚጮኽ አላውቅም፤ እኔ ግን «እግሬ ተቆረጠ! እግሬ የለም!» እያልኩ ኮረብታውን አናወጥኩት። ወርቅነህ ምሽግ ውስጥ ነበር፣ ደህና ነበር። ድምፄን ሰምቶ በደረቱ እየተሳበ መጣ። እግሬን አየ።

«የታለ የተቆረጠው?»

«ጫማው ውስጥ ነው!»

«አንተ ቀጣፊ፣ እግርህማ አለ» ብሎ ሳቀ። እግሬ እያበጠ፣ የጫማዬም ማሰሪያ በረዶ ሆኖ ስለነበር ታንቶውን መዝዞ ቆዳውን ማሰሪያው በሚያልፍባቸው የብረት ቀለበቶች በኩል መቅደድ ጀመረ። ሞርታር ወደቀ። እኔ ላይ እንደተጋደመ ቀረ። አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

ከፊታችን ሰዎች ስለቶቹን እያዩ ያልፋሉ።

«እናቴ አስራ ሁለቱን ይዛ ሞተች» አለች በመጨረሻ። «በየፋሲካው እርስዎን እየጠበቀች።»

«አዎ።»

«ጫማው ሳይቀደድ መቆየት ይችል ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ ሠላሳ ዓመት መልስ ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። ብርዱን ልናገር እችላለሁ፣ ደሙን ልናገር እችላለሁ።

«ይችል ነበር» አልኳት። «እስከ ቀትር ይችል ነበር። ቃሬዛው በአምስት ሰዓት መጣ።»

ተነሳች። የምትሄድ መሰለኝ፤ ብትሄድም አልፈርድባትም ነበር። ወደ ሄር ብሩነር ሄዳ ካርዱን ከግድግዳው ነቀለችና ባዶ ካርድና እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰች። አላቀፈችኝም። «ይቅር ብዬዎታለሁ» አላለችም። እስከ ዛሬም አላለችም። ስልክ ስደውል ታነሳለች፣ ይኸው ነው።

«የዚያን ጠዋት የሞቱትን ይንገሩኝ» አለች። «ሁሉንም፣ ከነማዕረጋቸው።»

ጦርነት ምን እንደሚመስል ለምትጠይቁኝ፣ ከዚያ አግዳሚ ወንበር የተሻለ መልስ የለኝም። ጠላትን በሺህ ስቆጥር ኖሬአለሁ፤ ብርዱን፣ ዳገቱን፣ የራሴንም ቁስል እንደ ሰሚው አብዝቻለሁ። አድማጭ ደስ ይለዋል፣ ተናጋሪም ይቀለዋል። የራስን ሰው ሞት እንደዚያ አድርጎ ለልጁ መንገር ግን ሁለተኛ መግደል ነው። አንዴ በጩኸቴ፣ አንዴ በወሬዬ።

«ምክትል መቶ አለቃ ተፈራ» አልኳት። ጻፈች። «ወታደር ሐጎስ። ወታደር ጉደታ።» ጻፈች። የአባቷን ስም እኔ እስክጠራው እስክሪብቶዋን አንሥታ ጠበቀች። «አስር አለቃ ወርቅነህ።» ጻፈች።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አልኳት። «አራት ናቸው።»