ኖኤላ እና የጠመንጃው ፈቃድ

በደቡብ ቤልጂየም ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ኖኤላን የማያውቅ የለም። ሰውነቷ ደቃቃ ነው፤ ሳቋ ግን መንደር ያናጋል። ዕድሜዋን በዴልኖዋ ጠመንጃ ፋብሪካ አፈሙዝ ስትወለውል ኖራ ጡረታ ወጣች። ታናሽ ወንድሟ ፊርመን አሁንም እዚያው ይሠራል።

ሥራ መፍታት አልሆነላትምና ለስደተኞች ፈረንሳይኛ ማስተማር ጀመረች። አንድ ቀን ተማሪዋ ራኒያ ባሏ በአገራቸው ሰልፍ ወጥቶ በወታደሮች ጥይት እንደሞተ አጫወተቻት። የዚያን አገር ጦር የሚያስታጥቀው ዴልኖዋ መሆኑን ኖኤላ ታውቃለች። ምሳ ሳትቀምስ ዋለች። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ዓርብ ከጥቂት ሰዎች ጋር መንግሥት ለፋብሪካው የሰጠው የመሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ ይሰረዝ እያለች የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ መቆም ያዘች።

ፊርመን ሲሰማ ቤቷ ድረስ መጥቶ ጮኸ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በረሃብ ልትጨርሺን ነው?»

«አንተን? በዚህ ቦርጭህ ዓመት ትከርማለህ!»

«ቀልድ አይደለም! እኛ ብንተወው ሌላው ይሸጥላቸው የለ?»

«ይሽጣ! የሌላውን ሌላው ይጠየቅበት። እኔ ራኒያን ዓይኗን እያየሁ ነው የማስተምረው።»

ፊርመን በሩን ድርግም አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

ሰልፈኞቹን የደገፉ ጠበቆች ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት። ዳኞቹም መሣሪያው ሰላማዊ ሰው ላይ ሊተኮስበት ስለሚችል ፈቃዱ ይታገድ አሉ። የፋብሪካው ሥራ ተቀዛቀዘ፤ ፊርመንም ለወራት ቤት ዋለ። ዳቦ ቤት ውስጥ ጎረቤቶቿ ፊታቸውን አዞሩባት። ኖኤላ እቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ እሁድ ሲደርስ ግን ለወንድሟ የተፈጨ ሥጋ ድብልብልና ጥብስ ድንች ይዛ በሩን አንኳኳች። ፊርመን ሳህኑን ተቀብሎ በሩን ዘጋባት። የሚቀጥለው እሁድም እንዲሁ። በሦስተኛው «ነይ ግቢ፣ ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ» አላት።

ሌላ ገበያ ተገኝቶ ፊርመን ወደ ሥራው ተመለሰ። በዓመቱ መንግሥት ለዚያው አገር አዲስ ፈቃድ ሰጠ፤ ኖኤላም እንደገና መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ጉልበቷ ስለታመመ በመኪና የሚያደርሳት ፊርመን ነው።

«እኔ ሾፌር ነኝ፤ ሰልፈኛ አይደለሁም» ይላል ለጠየቀው ሁሉ።

አንድ ዓርብ ዝናብ እየጣለ ሳለ ኖኤላ መፈክሯን አስይዛው ሽንት ቤት ሄደች። የፋብሪካው አለቃው በዚያ ሲያልፍ አየውና ክው አለ።

«ፊርመን! አንተም?»

«የእሷ ነው» አለ ፊርመን ፊቱ ቀልቶ፤ ግን አላወረደውም።