ከጋሽ ግርማ ጋር የተፈተንኩ ቀን

ባለፈው ማክሰኞ ከኮዬ ፈጬ በተነሳ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት፣ ጉልበቷ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ዘርግታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነብ ነበር። በጨረፍታ አየሁት፤ ለሒሳብ አዋቂነት ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጁበት መጽሐፍ ነው። ቃሊቲ ስንደርስ መውረጃዋ አልፏት ኖሮ ደንግጣ ብድግ አለች። እሷ ወርዳ ሄደች፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝልኝ አለ።

እኔ ለዚያው ፈተና ስዘጋጅ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቃሊቲ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በሒሳብ ክፍል እሠራ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ግርማ ይባላሉ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ግማሽ ዕድሜያቸውን እዚያች ክፍል ውስጥ ያሳለፉ፣ ኮታቸውን እንኳ ሲያወልቁ እንደ አዲስ አጣጥፈው የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ። ፋብሪካው ወደ ግል ሲዞር አዲሶቹ ባለቤቶች የሒሳብ ክፍሉን የሚመራው ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል አሉ። ጋሽ ግርማ ልምድ እንጂ ፈቃድ አልነበራቸውም። እኔም ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቄ አንድ የመጨረሻ ዕድል ነበር የቀረኝ። አብረን ተመዘገብን።

ክረምቱን በሙሉ አብረን አጠናን። ምሳ ሰዓት ሁሉም ወደ ክበብ ሲሄድ እኛ ቢሮ እንቀራለን። እኔ ሽሮዬን ከምሳ ዕቃው በችኮላ እጎርሳለሁ፤ እሳቸው ከበር ላይ የገዙትን የተጠበሰ በቆሎ ይፈለፍላሉ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መደማመጥ ያቅተናል፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። "ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ በጆሮ የገባ አይወጣም" ይሉኛል። አነባለሁ፣ ያስረዱኛል። መጽሐፉ ሦስት ገጽ ሙሉ የሚያወሳስበውን እሳቸው ከመጋዘናችን ሱፍና ክር ምሳሌ አምጥተው በሁለት ቃል ይጨርሱታል።

እኔ ግን እርጋታ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ታክሲ ስጠብቅ፣ ጭቃውን ስዘል፣ ቅዳሴ ቆሜ ሳይቀር በልቤ ጥያቄ እሠራለሁ። እናቴ "ይቺ ልጅ ቆማ መብላት ጀመረች" ብላ ለጎረቤት ስትነግር ሰምቻታለሁ። ብወድቅ ሌላ ዕድል የለም፤ ከዚህ ሌላ የሚታየኝም አልነበረም።

የፈተናው ቀን ታኅሣሥ ውስጥ ነበር። በብርዱ አብረን ታክሲ ተሳፈርን። ጋሽ ግርማ ጢማቸውን ሲላጩ አገጫቸውን ቆርጠዋል። አዳራሹ ውስጥ ከፊቴ በስተግራ ተቀመጡ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄደ ቀና ስል ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው አየኋቸው። አራቁት። ወደ መስኮቱ አዞሩት። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ያን ጊዜ ገባኝ። ጮክ ብለሽ አንብቢ ያሉኝ ለእኔ ብቻ ብለው አልነበረም፤ ጽሑፉ አይታያቸውም። ዓይናቸው መድከሙ ከተሰማ ከሥራ እንዳይወጡ ፈርተው ደብቀውኛል።

እጄን ላነሳ ፈለግሁ። ለተቆጣጣሪዋ ብነግራት የሚያነብላቸው ሰው ትፈልግ ይሆናል፣ ሰዓትም ይጨመርላቸው ይሆናል። ግን የእኔም ሰዓት እየሄደ ነው፤ ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነኝ። አንገቴን ደፍቼ መጻፌን ቀጠልኩ። እንደገና ቀና ስል ወንበራቸው ባዶ ነበር።

ውጤቱ የመጣው በየካቲት፣ በፋብሪካው ፖስታ ሣጥን በኩል ነው። የእኔን ፖስታ ይዤ መጋዘን ገባሁና ከሱፍ እስሮቹ መካከል ቆሜ ከፈትኩት። አልፌያለሁ። እልል ልበል ልሩጥ ሳላውቅ ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁና ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ጋሽ ግርማ ከጠረጴዛቸው ቀና አሉ።

"አለፍሽ?"

"አዎ፣ ጋሽ ግርማ።"

ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። "ደስ ብሎኛል። ግን ዛሬ አታናግሪኝ" አሉና ኮታቸውን አንስተው ወጡ።

ወር ሳይሞላ እሳቸው ወደ ንብረት ክፍል ተዛወሩ፤ እኔ በቦታቸው ተመደብኩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን እንጂ ከዚያ አያልፍም። በመጨረሻ የዓይናቸውን ሞራ በቀዶ ሕክምና አስወጡ መባሉን ስሰማ አላስችል አለኝ፤ አንድ እሑድ ብርቱካን ገዝቼ አቃቂ ቤታቸው ሄድኩ። ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ያየሁትንና ያላደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"እጅሽን አንስተሽ ቢሆን ኖሮ በሰው ፊት ታዋርጂኝ ነበር፤ አልምርሽም ነበር" አሉ። ቀጥለውም "ክረምቱን ሙሉ አብረን ስንቀመጥ አንድ ቀን ብትጠይቂኝ ግን እነግርሽ ነበር" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ቀን ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ስለ ራሴ መውደቅ ብቻ ስጨነቅ፣ አንድም ቀን ፊታቸውን በደንብ አላየሁትም።

ጋሽ ግርማ ካረፉ ዓመታት አለፉ። እኔም ጡረታዬ እየቀረበ ነው፤ በዚያ ፈቃድ ልጆች አሳድጌበታለሁ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤት ይዤበታለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ ፈተናው እንዴት ነበር ብለው ሲጠይቁኝ የወደቅኩባቸውን ሁለት ጊዜያት እየሳቅሁ አወራላቸዋለሁ። የሚከብደኝ ያለፍኩበትን ማውራት ነው።